ማንም ያላየው ጉዳት

አንድ ሰው የተከራያትን ትንሽ አውሮፕላን ሲያሳርፍ ከመሬት ጋር በኃይል አላተማት እንበል። እሱ አልተጎዳም፤ ክንፉም ጎማውም በቦታው ነው፤ ያየ የለም። አቁሟት፣ ቁልፉን መልሶ ቤቱ ቢገባ ምን አጠፋ?

ጥያቄው ተራ ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን በአሜሪካ የበረራ ክበቦች አንዲትን አውሮፕላን ብዙ ሰው እየተፈራረቀ ያበራታል። እ.ኤ.አ. በ1956 ለገበያ ከቀረበች ወዲህ ከ44,000 በላይ የተሠራችውን ሴስና 172 እንውሰድ። ማረፍ ያለባት በሁለቱ ዋና ጎማዎቿ ነው። በፍጥነት ከመጣች ትነጥራለች። አብራሪው ደንግጦ አፍንጫዋን ሲደፍቅ በፊተኛዋ ጎማ ትወድቅና እንደገና ትነጥራለች፤ ሁለተኛው ከአንደኛው፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው ይብሳል። መድኃኒቱ ለሞተሩ ሙሉ ጉልበት ሰጥቶ መነሳት፣ ዞሮም መምጣት ነው። ይህን ያልተማረ አብራሪ የለም። ታዲያ ለምን አያደርገውም? ብዙ ጊዜ እፍረት ይመስለናል፤ «አቃተው» እንዳይባል። ያው እፍረት ነው በኋላም አፉን የሚዘጋው።

የፊተኛዋ ጎማ እግር የታሰረው ሞተሩን ከሰው መቀመጫ በሚለየው ቀጭን የብረት ግድግዳ ላይ ነው። ግድግዳው ቢጨማደድ ከውጭ ላይታይ ይችላል። የተዋስናት በቅሎ ብትወድቅብን እያነከሰች ራሷ ታሳጣናለች፤ አውሮፕላን ግን አታነክስም።

ሕጉስ? በአሜሪካ ደንብ «አደጋ» የሚባለው ሰው ሲሞት ወይም ክፉኛ ሲቆስል፣ አለዚያም አውሮፕላኑ ከባድ ጉዳት ሲደርስበት ነው። የጎማና የማረፊያ እግር ጉዳት ብቻውን ከባድ አይባልም። እንግዲህ ሰውዬው ከኅሊናው ጋር ብቻውን ቀረ ማለት ነው።

«አልዋሸሁም፤ የጠየቀኝ የለም» ይለን ይሆናል። እኛ አንቀበለውም። ቁልፉን ምንም ሳይል ሲመልስ «ደህና ናት» ብሏል፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ተራው የደረሰው ተማሪም የሚነሳው ይህንኑ አምኖ ነው።

እርግጥ ነው፣ የተናገረ ይከፍላል፤ ዝም ያለ አይከፍልም። ይህን የተረዱም አሉ። ናሳ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የአብራሪዎችን ሪፖርት ስማቸውን ደብቆ ይቀበላል፤ ሳያስበው ደንብ የጣሰ ሰውም በ10 ቀን ውስጥ ከጻፈ አብዛኛውን ጊዜ ከቅጣት ይድናል። ግን የጥገናውን ሂሳብ ናሳ አይከፍልለትም! የተናገረውን አባሉን የሚያዋርድ ክበብ ሌሎቹን ዝምታ እያስተማረ መሆኑንም አንክድም። ቢሆንም የክበቡ ጥፋት የሰውዬውን ጥፋት አያጥበውም፤ ዕዳው የሚያርፈው በክበቡ ላይ ሳይሆን በዚያ ተማሪ ላይ ነውና።

የሚፈለገው ደግሞ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው፤ «በኃይል አርፋለች፣ ትታይ»። መካኒኩ ሽፋኑን ከፍቶ ምንም ላያገኝ ይችላል። ያን ቀን አውሮፕላኗ ሳትበር ትውላለች፤ ተራ የያዙትም ያጉረመርማሉ።