የድርቅ ምርጫና የሰው ፍርድ

ከክፉ ቀን የተረፈ ሁሉ ከወደቀው ይበልጣልን? መልሱን ለሚሻ ሰው፣ በሰላማዊ ውቅያኖስ ከሚገኙት የጋላፓጎስ ደሴቶች አንዷ የሆነችው ጭንጫዋ ዳፍኔ ሜጀር ብዙ ታስተምራለች።

ሊቃውንቱ ፒተርና ሮዝሜሪ ግራንት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1973 ጀምሮ በዚያች ደሴት ፊንች የተባሉትን ፍሬ ለቃሚ ወፎች መንቁራቸውን እየለኩ፣ እግራቸው ላይ ምልክት እያሰሩ ከትውልድ ትውልድ ተከታትለዋል። በዚያው አቆጣጠር በ1977 ዝናም ቀረ። ለስላሳው ደቃቅ ፍሬ ተለቅሞ ሲያልቅ በብዛት የቀረው ከኩርንችት ወገን የሆነ ቅርፊተ ጠንካራ ፍሬ ነበር። ይህን ለመስበር ወፍራም መንቁር ያስፈልጋል። ከመካከለኛዎቹ ፊንቾች 85 በመቶ ያህሉ አለቁ። የተረፉት መንቁር በአማካይ ከቀድሞዎቹ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል የወፈረ ነበር፤ ሲዋለዱም ውርሱ ወደ ጫጩቶቻቸው ተላለፈ።

እንግዲህ ተፈጥሮ ለኃይለኛው ፈረደች ይባል ይሆን? ነገሩ እንዲህ አልነበረም። ከ1983 ከባድ ዝናም በኋላ ደሴቲቱ በደቃቅ ፍሬ ተሞላች፤ ዝናም ዳግመኛ ሲቀር ይበልጥ የተረፉት ባለ ትንሽ መንቁሮቹ ሆኑ። በ2004 እና በ2005 ደግሞ ሌላ ትልቅ የፊንች ዘር ጠንካራውን ፍሬ ስለተሻማቸው፣ ከመካከለኛዎቹ መካከል ወፍራም መንቁር ያላቸው ይበልጥ አለቁ። ትናንት ያዳነው መንቁር ዛሬ ገደለ።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ኸርበርት ስፔንሰር በ1864 «የሚተርፈው ለኑሮው የተስማማው ነው» የሚል ትርጉም ያለውን አነጋገር ካስተዋወቀ ወዲህ፣ «የተስማማ» የሚለውን «የሚገባው» ብለው የተረጎሙ፣ ድኻን መርዳትንም የተፈጥሮን ሥራ እንደ ማደናቀፍ የቆጠሩ ጥቂቶች አልነበሩም። የዳፍኔ ወፎች ግን ይህን ትርጓሜ ያፈርሱታል። መስማማት ከወቅቱ ፍሬ ጋር ነው፤ ፍሬው ሲለወጥ አሸናፊውም ይለወጣል። በዚህ ውስጥ ሚዛን እንጂ ዳኛ የለም።

ወፊቱ ጎተራ የላትም፤ መንቁሯንም ለባልንጀራዋ ማዋስ አትችልም። ሰው ግን ጎተራ ሠርቷል፣ መንገድ ጠርጓል፣ ከተረፈው አካባቢ ወደ ጎደለው እህል ማጓጓዝን ያውቃል። ስለሆነም ከሰው ልጆች አንዱ ጠግቦ ሌላው በረሃብ ሲያልቅ «ተፈጥሮ መረጠች» ማለት ሐሰት ነው። የጎተራው ቁልፍ በሰው እጅ እስካለ ድረስ፣ መራጩም ተጠያቂውም ሰው ነው።