«የሷ አይበራም»

ሰው በዕድሜው ብዙ ዓይነት መልእክት ይላካል። እኔም በበኩሌ ሽማግሌ ሆኜ ልጅ ልጠይቅ ሄጃለሁ፣ መርዶ ነግሬያለሁ፣ ሌላ ሰው ያበደረውን ገንዘብ ላስመልስ ተልኬም አፍሬ ተመልሻለሁ። በ2017 ዓ.ም. በዳግማይ ትንሣኤ ዕለት የተላክሁትን ያህል ግን እግሬ የከበደበትን መንገድ አላስታውስም። የተላክሁት አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ የሰጠችውን ጫማ እንዳስመልስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ለልጇ፣ ማለትም ለልጅ ልጄ፣ የፋሲካ ጫማ ገዛችላት። ያው እነዚያ ሲረግጧቸው ሶላቸው ብልጭ ድርግም የሚሉት የልጆች ጫማዎች አሉ አይደል? ከነሱ አንዱ ነው። ልጅቷ በዓሉን ሙሉ ከእግሯ አላወለቀችውም። ማታ ማታ «መብራት አጥፉልኝ» እያለች ጨለማው ሳሎን ውስጥ ትዘል ነበር፤ እኛም እግራችንን ሰብስበን ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን እናያታለን። ቅዳሜ ዕለት ልብስ የምታጥብልን ሴት እንደ ልማዷ መጣች። የምትተዋት ሰው ስለሌላት ልጇንም ይዛ ነው የምትመጣው። ሁለቱ ሕፃናት እኩያ ናቸው። እናትየዋ ሳፋው ላይ ስታጎነብስ እነሱ ግቢውን ሲያተራምሱት ይውላሉ።

ማታ ላይ ልጄ ጠየቀች።

«ጫማሽስ?»

«ሰጠኋት።»

«ለማን?»

«ለሷ።»

«ለምን ትሰጫታለሽ?»

«የሷ አይበራም።»

የኔ ሳቅ መጣ። ልጄ ግን አልሳቀችም፤ ለመሳቅም አልተመቻትም። ከደመወዟ ቆጥባ፣ ለራሷ ያሰበችውን ትታ የገዛችው ጫማ ነው። «አባዬ፣ ዛሬ ጫማ ከሰጠች ነገ ምን ልትሰጥ ነው? እኔ ከሄድኩ ጠብ ይመስላል፤ አንተ ሂድልኝ» አለችኝ። ባዶ እጄንም አልላከችኝም። ለልጅ ልጄ የጠበቡ ልብሶችንና ያምናውን ጫማ በትልቅ ፌስታል ሞልታ አሸከመችኝ። «እንዲያውም ይሄ ይበልጣል» አለች። በኪሎ ከሆነ እውነቷን ነው።

በመንገዴ ላይ የምናገረውን ሳሰናዳ ሄድኩ። ለሃያ ምናምን ዓመት ክፍል ውስጥ ቆሜ ያወራሁ ሰው ነኝ፤ ቃል አላጣም ብዬ ነበር። ሴትዮዋ ግን አፌን እንድከፍት አላስፈለገችኝም። በሩ ላይ ስታየኝ ገባ ብላ ጫማውን በፌስታል ጠቅልላ አመጣች። ሶሉ ሳይቀር ታጥቧል። «ጋሼ፣ ልጅ ናት፣ ሳታውቅ ነው ብዬ ለቅዳሜ ይዤው ልመጣ ነበር። ይቺንም አታድርጊው ብያታለሁ» አለችኝ። እኔ ያመጣሁትን ደግሞ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለችና «ዕድሜና ጤና ይስጥልን፣ የልጅ ልጅዎን ያሳድግልን» ብላ መረቀችኝ። ልጇ ከበሩ ጀርባ ሆና ትመለከት ነበር፤ የምታየው እጄ ላይ ያለውን ፌስታል እንጂ እኔን አልነበረም።

አንድ ፌስታል ሰጥቼ አንድ ፌስታል ይዤ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ ፌስታሉ ጉልበቴን በነካኝ ቁጥር ጫማው ብልጭ ይላል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። የዚያን ዕለት እኔም ሰጥቻለሁ። እንዲያውም ከልጅቷ የበለጠ ብዙ ዕቃ ሰጥቻለሁ፤ ምርቃትም ተቀብያለሁ። ታዲያ እሷ ቅዳሜን ሙሉ በባዶ እግሯ ስትፈነድቅ የዋለችው፣ እኔ እሁድን እንደ ሌባ አንገቴን ደፍቼ የተመለስኩት ለምንድን ነው? መስጠት ያስደስታል ከተባለ የኔ ደስታ የት ገባ?

ፈላስፎቹ በዚህ ጉዳይ ተጣልተዋል። ጀርመናዊው ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው የግብረ ገብ መጽሐፉ፣ ሌላውን ማስደሰት በተፈጥሮው ደስ የሚለውን ሰው ያነሳና፣ ሥራው ደግ ቢሆንም እውነተኛ የግብረ ገብ ዋጋ የለውም ይላል። ዋጋ የሚኖረው ያ ሰው በገዛ ኀዘኑ ተውጦ፣ ለማንም ማዘን አቅቶት ሳለ፣ ግዴታዬ ነው ብሎ የረዳ ዕለት ነው። አርስቶትል ደግሞ ከሱ ሁለት ሺህ ዓመት ቀደም ብሎ ተቃራኒውን ብሎ ነበር። እየከፋው የሚሰጥ ሰው ለጋስ አይባልም፤ ቢቻለው ገንዘቡን ይመርጥ ነበርና። በካንት ሚዛን ከሄድን የዚያን ዕለት ምስጋናው የኔ ነው፤ ያለ አንዳች ደስታ ሰጥቻለሁ! ግን ራሴን ላታልል አልፈልግም። የኔ መስጠት ግዴታም አልነበረም። የወሰድኩት እንዳይታይ መሸፈኛ ነበር።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በየዓመቱ የማነሳው አንድ ተረት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1888 የታተመው የኦስካር ዋይልድ «ደስተኛው ልዑል»። ሐውልት የሆነው ልዑል የሰይፉን ዕንቁ፣ የዓይኖቹን ዕንቁ፣ በላዩ የተለበጠውን ወርቅ እያስነቀለ በወፍ እጅ ለችግረኞች ይልካል። በመጨረሻ ራቁቱን ሲቀር ከንቲባውና አማካሪዎቹ አይተው አስቀያሚ ሆኗል ብለው ያፈርሱታል። በከንቲባው ከተማሪዎቼ ጋር ስንት ዓመት ሳቅን! የገዛ ፌስታሌን ይዤ ስመለስ ነው ከንቲባውን በደንብ የተዋወቅሁት። ክፉ ሰው አልነበረም። የከተማው ንብረት እንዳይባክን የሚያስብ፣ ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ነበር።

ልጆች ስግብግብ ሆነው ተወልደው እኛ ደግነትን የምናስተምራቸው ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ2012 ካናዳ የሚገኙ ሦስት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች፣ ላራ አክኒን፣ ካይሊ ሃምሊንና ኤሊዛቤት ደን፣ ሁለት ዓመት ባልሞላቸው ሕፃናት ላይ አንድ ሙከራ አድርገው ነበር። ለሕፃናቱ ብስኩት ተሰጣቸው፤ ከዚያ ለአሻንጉሊት እንዲያካፍሉ ተደረገ። ፊታቸው ሲጠና ብስኩቱን ሲቀበሉ ከታየባቸው ደስታ ሲሰጡ የታየባቸው በልጦ ተገኘ። ይሄ ብቻ ቢሆን ባልገረመኝ። ተመራማሪው ሌላ ብስኩት አምጥቶ «ይሄን ስጪው» ሲል ከሰጡት ይልቅ፣ ከገዛ ሳህናቸው አንስተው ሲሰጡ ነበር ይበልጥ የተደሰቱት። ከራሳቸው የሚጎድለው!

ይሄን ካነበብኩ በኋላ እኛ በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የምንሠራውን አሰብኩት። ከኪሳችን ሳንቲም አውጥተን በልጅቷ መዳፍ እናስቀምጣለን፤ «ስጪያቸው» እንላለን፤ ትሰጣለች፤ «ጎበዝ!» እንላለን። ሳንቲሙ የኛ ነው፣ ሐሳቡ የኛ ነው፣ የሷ እጁ ብቻ ነው። መስጠት አስተማርናት ብለን እንኮራለን፤ ያስተማርናት ግን ከላይ ወደ ታች መጣልን ነው። ከራሷ አንስታ የሰጠች ዕለት ደግሞ ሽማግሌ ላክንባት።

ቋንቋችን እዚህ ላይ ከኛ ይሻላል። በልመና የሚተዳደረውን ሰው «የኔ ቢጤ» እንለዋለን። እኔን የመሰለ፣ የኔው ዓይነት ማለት ነው። በአፋችን እንለዋለን እንጂ ሳንቲሙን ስናቀብል ቢጤያችን ነው ብለን ዓይኑን የምናየው ስንቶቻችን ነን? የልጅ ልጄ ቃሉን አታውቀውም፤ ያደረገችው ግን እሱኑ ነው። «ስለምታሳዝን» አላለችም። «ድሃ ስለሆነች» አላለችም። «የሷ አይበራም» ነው ያለችው። አብራት የምትዘል፣ በሁሉ ነገር እሷን የምትመስል ልጅ አለች፤ ልዩነታቸው አንድ መብራት ነው፤ እሱም በአንድ ደቂቃ የሚስተካከል ሆኖ ታያት። በዚህ ስጦታ ውስጥ ከፍ ያለም ዝቅ ያለም ሰው አልነበረም።

ከፍና ዝቁን ያመጣነው እኛ ነን። እናትየዋ ሶሉን አጥባ፣ ጠቅልላ የጠበቀችኝ ለምን ይመስላችኋል? እኔ መጀመሪያ ጨዋነት መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ፍርሃት ነው። የአሠሪ ቤት ዕቃ በሠራተኛ ልጅ እግር ላይ ሲታይ ምን እንደሚባል ታውቃለች። ሌሊቱን የኛን ጫማ ይዛ እንዴት እንዳደረች አላውቅም፤ እንቅልፍ እንዳልወሰዳት ግን እጠረጥራለሁ። እኔም ደርሼ ፍርሃቷ ልክ እንደነበር አረጋገጥኩላት። ፌስታሌን ጎንበስ ብላ ስትቀበል ደግሞ ቦታችን ሁሉ ተመለሰ። እኔ ከላይ፣ እሷ ከታች፣ መካከላችን ላይ አሮጌ ልብስ።

ልጄ ይሄን ስነግራት ተቆጣች፤ ክርክሯም የሚናቅ አይደለም። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል። የአምስት ዓመት ልጅ ያሻትን ሁሉ ትስጥ ከተባለ ነገ የኔን መነጽር ለቆራሌው ትሸጠዋለች። ልክ ነው፤ መነጽሩ ግን የኔ ነው። ጫማውን «ያንቺ ነው» ብለን ሰጥተናታል። መስጠት የማይቻል ነገር የራስ ነው ይባላል እንዴ? ያ ውሰት ነው። «ለመልበስ ያንቺ ነው ማለቴ ነው» አለች ልጄ። እኔ ደግሞ እላለሁ፣ ጫማው ይሂድ፤ እኔ የተሸከምኩትን ያምናውን ጫማ ራሷ አድርጋው መዋዕለ ሕፃናት ትሂድ፤ ጣቷን ጨነቅ ሲያደርጋት የሰጠችውን ታስበው። ምናልባት ትጸጸታለች። ምናልባትም አትጸጸትም። ሁለቱም የሷ ነበሩ፤ ሁለቱንም ወሰድንባት። ከልጄ ጋር እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ ሁለት ቅዳሜ ልጇን ሳትይዝ መጣች። የት ትታት እንደመጣች አልጠየቅናትም። በሦስተኛው ቅዳሜ ይዛት መጣች። የልጅ ልጄ ጫማውን አላደረገችውም፤ ለምን እንዳላደረገችውም አልተናገረችም። ረፋዱ ላይ በረንዳ ተቀምጬ ጋዜጣ ሳነብ አንድ ፓኮ ብስኩት ይዛ መጥታ ፊቴ ቆመች።

«አባባ፣ ይሄን ብሰጣት ሄደህ ታመጣዋለህ?»

«አላመጣም» አልኳት።

«እማዬስ?»

«እሷም አታመጣም።»

ትንሽ ቆማ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ ሮጠች። ሁለቱም ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ተቀመጡና፣ ቶሎ ቶሎ እያሉ ጨረሱት።