አብሮ ያየ ሲክድ

አይቶ «አላየሁም» የሚል ሰው ከሐሰተኛ ምስክር ይሻላል ወይስ ይብሳል? ጥያቄው የፍርድ ቤት ይመስላል። እኔን ግን ደጋግሞ የሚያስጨንቀኝ በአንድ የልጆች መጽሐፍ ሰበብ ነው።

መጽሐፉ «አንበሳው፣ ጠንቋይዋና ቁም ሣጥኑ» ይሰኛል። የቤልፋስት ተወላጁ፣ የኦክስፎርድ የሥነ ጽሑፍ መምህር የነበረው ሲ. ኤስ. ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1950 አሳተመው። ሰባት መጻሕፍት ካሉት የናርኒያ ታሪክ መጀመሪያ የወጣው እሱ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የእንግሊዝ ከተሞች ልጆቻቸውን ከአውሮፕላን ድብደባ ለማዳን ወደ ገጠር ይልኩ ነበር፤ የሉዊስ ቤትም እንዲህ ያሉ ልጆችን ተቀብሏል። በልብ ወለዱም አራት ወንድማማችና እህትማማች ከለንደን ወጥተው አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ቤት ይገባሉ።

ትንሿ ሉሲ ቁም ሣጥን ውስጥ ስትገባ በረዶ የለበሰ ጫካ ታገኛለች። ናርኒያ ነው፤ ነጭዋ ጠንቋይ ክረምቱ እንዳይወጣ የያዘችው አገር። ተመልሳ ብትናገር ማን ይመናት? ቁም ሣጥኑ ሲታይ ጀርባው ተራ እንጨት ነው። እኛስ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እንል የለ? ከሁሉም አብዝቶ የሚያሾፍባት ወንድሟ ኤድመንድ ነው።

ታዲያ ሌላ ቀን ኤድመንድ ራሱ ይገባል። ጠንቋይዋን ያገኛል፣ የቱርክ ጣፋጭ ታበላዋለች። እዚያው ከሉሲ ጋር ይገናኛሉ። ልጅቷ በደስታ ልትሞት! ምስክር አገኘች እኮ። ቤት ሲመለሱ ግን ኤድመንድ ለትልልቆቹ «ባክህ፣ ስንጫወት ነው» ዓይነት ነገር ብሎ ይክዳታል።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ይህ መጽሐፍ በተነሳ ቁጥር ተማሪው ሁሉ ጣቱን የሚቀስረው ጣፋጩ ላይ ነበር። ልክ ነው፣ በኋላ ኤድመንድ ወንድምና እህቶቹን ለጠንቋይዋ አሳልፎ የሚሰጠው ጣፋጩን እየተመኘ ነው። ግን ጣፋጩ ድግምት አለበት፤ አንዴ የቀመሰው ሰው እስኪሞት ይበላዋል። ስለዚህ ለሆዱ ቢያንስ ግማሽ ምክንያት አለው። ለክህደቱስ? ጠንቋይዋ ነገሩን በምስጢር ያዝ ብላዋለች። ዝም ማለትና በእህት ላይ መሳቅ ግን ለየቅል ናቸው። መጽሐፉ እንደሚነግረን ኤድመንድን ያበሳጨው የሉሲ ትክክል መሆን ነው። ያሾፈባት ልጅ እውነቷን ሆና ተገኘች፤ ያንን አፍ አውጥቶ መናገር ከበደው።

ውጤቱን እዩት። የዋሸው ልጅ እንደ ጤነኛ ሲቆጠር፣ እውነት የተናገረችው «አእምሮዋ ተነክቶ ይሆን?» ተብሎ ፕሮፌሰሩ ዘንድ ምክር ይጠየቅባታል። ሽማግሌው መልሰው ይጠይቃሉ፦ እስከዛሬ ከሁለቱ እውነተኛ የምትሉት ማንን ነው? ሉሲን። እንግዲያስ ወይ ዋሽታለች፣ ወይ አብዳለች፣ ወይ እውነቷን ነው። ውሸታም አይደለችም፤ አለማበዷንም ታያላችሁ። ሌላ ማስረጃ እስኪመጣ ድረስ ቃሏን ተቀበሉ።

በእርግጥ ቅን ሰውም ይሳሳታል፤ ፕሮፌሰሩ ይህን አራተኛ መንገድ ዘለውታል። ነገር ግን ስህተትን ከእውነት የሚለየው ሁለተኛው ዓይን ነው። ያ ዓይን የኤድመንድ ነበር፤ አውቆ ጨፈነው። ከሐሰተኛ ምስክር ይብሳል የምለውም ለዚህ ነው። ሐሰተኛ ምስክር ባላየው ነገር ይዋሻል፤ ይኼኛው ግን ሉሲ የነበራትን አንድ ምስክር ነጠቃት።

አራቱም አብረው ናርኒያ ሲገቡ ኤድመንድ ሳያስበው ወደ መንገድ መብራቷ የሚወስደውን አቅጣጫ ይጠቁማል። ለካ ከዚህ በፊት መጥቷል! ምላሱ አጋለጠው። ትልቁ ወንድም ፒተር ግን ቀድሞውኑ ሉሲን ይቅርታ ጠይቋል።

አንበሳው አስላን በኤድመንድ ምትክ መሞቱን ብዙዎች ከክርስትና እምነት ጋር አያይዘው ያነቡታል፤ ትክክል ናቸው። እኔን የሚገርመኝ ደግሞ ሌላ ነው። አስላን ኤድመንድን ለብቻው ያነጋግረዋል፤ ምን እንዳለው አይነገረንም። ሌሎቹ ያለፈውን እንዳያነሱበት ይነገራቸዋል። በመጨረሻ ሲነግሥ የሚሰጠው ቅጽል «ፍትሐዊው» የሚል ነው። ፍርድ የተሰጠው ክህደት ከየት እንደሚጀምር ለሚያውቅ ሰው ነው።

እናም ነገ ስብሰባ ላይ አንድ ወጣት ተነስቶ «አይቻለሁ» ይላል። እርስዎም አይተዋል። ትናንት ደግሞ ስቀውበታል። ምን ይላሉ? «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። እስኪጠራ ድረስ ግን ሉሲ የምታለቅሰው ብቻዋን ነው።