«ምን አድርጎ ነው?»

ሰው ተገደለ ሲባል ቀድሞ ከአፋችን የሚወጣው «ምን አድርጎ ነው?» የሚል ጥያቄ ነው። እኔም ስንት ጊዜ ጠይቄአለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ የምጠይቀው ለሟቹ አዝኜ ሳይሆን ለራሴ ፈርቼ ነው። እሱ አንድ ነገር አድርጎ ከሞተ፣ ምንም ያላደረግሁት እኔ እተርፋለሁ ማለት ነዋ!

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2002 በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ይህ መጽናኛ ከሸፈ። በሦስት ሳምንት ውስጥ 10 ሰዎች ተደብቆ በሚያነጣጥር ተኳሽ ጥይት አለቁ። አንዱ ሣር ሲያጭድ፣ አንዱ ታክሲው ላይ ቤንዚን ሲሞላ፣ አንዷ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች። የከተማው ሰው ነዳጅ ሲቀዳ እንኳ ከመኪናው ጀርባ እያጎነበሰ ሰነበተ። ፖሊስ ነጭ መኪና ሲያሳድድ ገዳዮቹ በሰማያዊ መኪና ይዘዋወሩ ነበር። በሴፕቴምበር አትላንታ ውስጥ የተገደለ አንድ ኢትዮጵያዊም የእነሱው ሰለባ መሆኑን መርማሪዎች የደረሱበት ኋላ ነው።

እሱስ ምን አድርጎ ነበር? ምንም።

እንዲህ ያለው ግድያ ይበልጥ የሚያስፈራን ሟቹን የምንወቅስበት ሰበብ ስለሚያሳጣን ይመስለኛል። ጥያቄው ግን ድሮም የሚገባው ለገዳዩ ነበር። ዛሬ መርዶ ስሰማ ጥያቄው ምላሴ ላይ ይመጣል፤ ውጬው «ነፍስ ይማር» ለማለት እታገላለሁ። ሁልጊዜ ግን አይሳካልኝም።