ማንም የማያየው ሰደቃ

ልቡ ለታመመ ሕፃን ማሳከሚያ ገንዘብ ማዋጣት በጎ ሥራ ነው። ገና ያልታመመ ሕፃን እንዳይታመም ገንዘብ ማውጣትም እንዲሁ በጎ ሥራ ነው። ይሁንና ለመጀመሪያው የሚፈታው እጃችን ለሁለተኛው ይታሰራል። ለመሆኑ ይህ ለምን ሆነ? በአላህ (ሱ.ወ.) ፊትስ ከሁለቱ የትኛውን ችላ ማለት ይቻለናል?

በአገራችን ብዙ ሕፃናትን ለልብ በሽታ የሚዳርገው ነገር የሚጀምረው ከልብ ሳይሆን ከጉሮሮ ነው። በአብዛኛው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው «ቶንሲል ነው» ይባላል። ከአንዳንዱ ቶንሲል በስተጀርባ ግን ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ አለ። በወቅቱ ካልታከመ የሰውነት መከላከያ ኃይል ወደ ራሱ ዞሮ መገጣጠሚያንና ልብን ሊያጠቃ ይችላል። ሕመሙ በተመላለሰ ቁጥር የልብ በሮች ይጎዳሉ። ልጁ ዳገት መውጣት ያቅተዋል፤ እግሩ ያብጣል፤ ሌሊት ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል። ይህ ሁሉ እንዳይመጣ ያስፈልግ የነበረው በጊዜው የተወጋ የፔኒሲሊን መርፌ ወይም ለ10 ቀን የሚዋጥ መድኃኒት ነበር። በሽታው ከጀመረው በኋላም ቢሆን በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ለዓመታት የሚወሰደው መርፌ እንዳይብስበት ይረዳዋል። እኛ ግን ወይ «ይለቀዋል» ብለን እንተወዋለን፤ ወይ እንጥሉን ልናስቆርጥ እንወስደዋለን።

የልብ በር ክፉኛ ከተበላሸ በኋላ ያለው መንገድ ረጅምና ውድ ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃውን ሲመሠርቱ ሕፃናቱ ቀዶ ሕክምና ለማግኘት ባሕር መሻገር ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ተከፈተ። ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ በጎ ፈቃደኛ ሐኪሞችም ያለ ክፍያ ሕፃናትን አከሙ። ግብፅ ተወልደው በእንግሊዝ አገር ስማቸው የገነነው የልብ ቀዶ ሐኪም ሰር መግዲ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1995 የመሠረቱት ቼይን ኦፍ ሆፕ ከረዱን አንዱ ነው። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባልደረቦች በክርስቲያን ንጉሥ ጥላ ሥር ባረፉበት ምድር ለምንኖር ሙስሊሞች፣ የሌላውን ውለታ አውቆ ማመስገን እንግዳ ነገር አይሆንብንም።

ምስጋናው እንዳለ ሆኖ ወደ ራሳችን እንመለስ። እኔ በምኖርበት በሐዋሳ ባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ ለታመመ ሕፃን እርዳታ ሲጠየቅ ሕዝቡ ወደ ኋላ ሲል አላየሁም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለውን ይሰጣል። የልጁ ፎቶግራፍ ይታያል፤ እናቱ ታለቅሳለች፤ የማን ልብ ይጨክናል? ነገር ግን በዚያው ሰፈር የልጇን ጉሮሮ አሳይታ፣ መድኃኒቱን ግማሹን ብቻ ገዝታ ለምትመለሰው እናት የሚያዋጣ የለም። የእርሷ ልጅ ገና የሚያሳዝን ፎቶግራፍ የለውም።

ምክንያቱ ይህ ይመስለኛል፦ የዳነ ሰው መልክ አለው፤ ከበሽታ የተረፈ ግን መልክ የለውም። ያልታመመው ልጅ ሊታመም እንደነበረ አያውቅምና አያመሰግንም። ነገር ግን ኢኽላስ የሚፈተነው እዚህ ላይ አይደለምን? ቁርኣን በአል-በቀራ ምዕራፍ ምጽዋትን በግልጽ መስጠት መልካም መሆኑን፣ ለድሆች በስውር መስጠት ደግሞ ይበልጥ የተሻለ መሆኑን ያስተምረናል። በስውር የሚሰጥ ሰው እንኳ የሰጠውን ድሃ ያውቀዋል። ለመከላከያ የሚሰጥ ግን የትኛውን ልጅ እንዳተረፈ ራሱም አያውቅም። የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። ከ«ይዩልኝ» ይህን ያህል የራቀ ሰደቃ የት ይገኛል?

«ታዲያ በዓይናችን ፊት ያለውን ሕፃን እንተወው?» የሚል ይኖራል። በፍጹም! ትንፋሽ ላጠረው ልጅ እናት «ገንዘቡን ለሌሎች መከላከያ አውለነዋል» ማለት ጭካኔ ነው። በአል-ማኢዳ ምዕራፍ አንዲትን ነፍስ ማዳን የሰውን ልጅ ሁሉ እንደ ማዳን የተቆጠረው አንዱን በብዙው እንዳንሸጠው ጭምር ይመስለኛል። ሁለቱ ግዴታዎች አይጣሉም፤ ባለቤታቸው ይለያያል እንጂ። በፊታችን የወደቀው ሕፃን ባየውና በቻለው ሰው ላይ መብት አለው። እንዳይወድቁ መጠበቅ ግን የጀምዓው ሁሉ ሥራ ነው፤ ፈርዱል ኪፋያ የምንለው ዓይነት። የሚሠራው ከተገኘ ከሌላው ይነሳል፤ ማንም ካልሠራው ግን ሁላችንም እንጠየቅበታለን። ከውጭ የሚመጣው ሐኪም የበሰበሰውን በር ሊቀይርልን ይችላል፤ የጎረቤታችንን ልጅ ጉሮሮ በየሳምንቱ ሊያይልን ግን አይችልም።

ይህ ከአቅማችን በላይ አይደለም። ኢማሙ ከጁሙዓ በኋላ ስለ ጉሮሮ ሕመም ሁለት ደቂቃ ቢናገር፣ የመድረሳ ኡስታዝ ጉሮሮውን አሞት ያተኮሰውን ልጅ አይቶ ወላጁን ወደ ጤና ጣቢያ ቢመራ፣ መስጂዱም መርፌውን በየወሩ ለሚወስድ ልጅ የመድኃኒትና የትራንስፖርት የሚሆን ትንሽ ሣጥን ቢኖረው ብዙ ይሠራል። ሱልጣን ቀላዉን እ.ኤ.አ. በ1284 ካይሮ ላይ ያሠሩት ሆስፒታል ሕሙማንን በነፃ የሚያክመው በወቅፍ ገቢ ነበር። ሆስፒታል መሥራት ለማንችል ለእኛ የአንዲት ሱቅ ኪራይ ወቅፍ መሆን ለመነሻ ይበቃል።

በዚህ መንገድ ከቀዶ ሕክምና አልጋ የሚድኑ ልጆች ስማችንን አያውቁም። በየሜዳው ኳስ ሲያባርሩ እናያቸዋለን፤ የትኞቹ እንደሆኑ ግን አንለይም። አጅሩን ከአላህ ለሚጠብቅ ሰው ይህ አይጎድልበትም። ወላሁ አዕለም።