ስለ ተለበሰ እብደትና ስለ እውነተኛው

ቀራንዮ ማለት የራስ ቅል ስፍራ ማለት እንደ ሆነ ካህናት ታውቃላችሁ፤ በምዕራብ አዲስ አበባ በኮልፌ ቀራንዮ የምንኖር ምእመናን ግን ስሙን በየዕለቱ እየጠራን ትርጓሜውን እንዘነጋዋለን። እኔን ያስታወሰኝ የቴአትር መጽሐፍ ነው፤ ለዚህ የሚነቅፈኝ ቢኖር ይታገሠኝ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሶት በ1972 እ.ኤ.አ. በታተመው በሼክስፒር ሐምሌት ውስጥ ልዑሉ የራስ ቅል ይዞ በመቃብር አፋፍ ይቆማል።

ይህ ልዑል አባቱን የገደለውን አጎቱን ሊበቀል ባሰበ ጊዜ እብደትን እንደ ካባ ደረበ፤ እንዲህ ሊያደርግ እንደሚችልም ለባልንጀራው ለሆራሺዮ አስቀድሞ ገልጦለታል። በዚህ መካከል ከመጋረጃ በስተኋላ ተሸሽጎ ያዳምጥ የነበረውን ፖሎኒየስን ወግቶ ገደለ። የሟቹ ልጅ ኦፊሊያ ግን፣ ሐምሌት ይወዳት የነበረችው፣ አእምሮዋን በእውነት አጣች፤ በውኃም ሰጥማ ሞተች። እርሱ የለበሰውን እርስዋ ታመመችው።

እብድ መምሰል በራሱ ኀጢአት ነውን? አዎን ለማለት አልደፍርም። ዳዊትም በጌት ንጉሥ በአንኩስ ፊት ለሃጩን እያዝረበረበ እብድ መስሎ አምልጧል። ይሁን እንጂ ዳዊት ነፍሱን ለማትረፍ አስመሰለ እንጂ፣ ቀርቦ ሰው ለመግደል አላስመሰለም።

እኔን የሚከብደኝ ሌላ ነው። ሐምሌት በመጨረሻ የሟቹን ልጅ ላየርቲስን ይቅርታ ሲጠይቅ፣ በደሉን ያደረሰው እብደቴ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም ይላል። በዚያን ጊዜ በእውነት ታሞ ነበር ብለው የሚከራከሩለት ሊቃውንት አሉ። ነገር ግን በገደለባት ሌሊት፣ ሬሳው ገና ሳይነሣ፣ እብደቱ ብልሃት እንጂ ሕመም እንዳልሆነ ለእናቱ የነገራት ራሱ ነው። እንግዲያውስ የታመሙት የሚጠጉበትን መጠለያ ጤነኛው ገባበት። የአገራችን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ እንኳ በአንቀጽ 48 በአእምሮ ሕመም ኃላፊነት የሌለውን ሰው ከቅጣት ነጻ ያደርገዋል፤ መጠለያው የተሠራው ለኦፊሊያ ነው።

አስመሳይ በበዛ ቁጥር እውነተኛው ሕመምተኛ አማኝ ያጣል። ይህን የምናገረው በራሴ ላይ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ የጸበል ስፍራ አንድ ወጣት እየጮኸ ሲወድቅ ምጽዋት ፈልጎ ነው ብዬ ከደጁ እንዲያርቁት አዘዝሁ። ሲያነሡት እጀ ጠባቡ ተገለጠ፤ በሁለቱም አንጓው ላይ የገመዱ ቍስል ገና አልደረቀም ነበር።