ሽበት ነውር ነውን?

ጀናዛ ማጠብ ከባድ አማና ነው። አጣቢ የሆነ ሰው በሟቹ አካል ላይ ነውር ቢያይ እንዲሸሽግ፣ ወጥቶም እንዳያወራ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ስለዚህ ከመጀመሬ በፊት የሟቿን ስምም ሆነ ሰፈር እንደማልጠቅስ አንባቢ ይወቅልኝ።

ጎረቤቴ ነበረች። እኩያሞች ነበርን፤ ሁለታችንም 47 ዓመታችን ነበር። አራት ወር ያህል በአልጋ ላይ ከቆየች በኋላ ወደ አኺራ ሄደች። ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር ሆኜ አጠብኳት። የሴት ጀናዛ ፀጉር ከታጠበ በኋላ በሦስት ጉንጉን እንደሚሠራ ከኡሙ ዐጢያ (ረ.ዐ) ከተላለፈው ሐዲስ እናውቃለን። እኔም ፀጉሯን ለመጎንጎን ስከፍለው ከሥሩ ሁለት ጣት ያህሉ ነጭ፣ የቀረው ጥቁር ሆኖ አገኘሁት። ፀጉር በወር 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። ነጩ እንግዲህ ቀለም መቀባት ያልቻለችባቸው አራት ወሮች ነበሩ።

እየጎነጎንኩ በልቤ «ይህንንስ ለማንም አልናገርም» አልኩ። ወዲያው ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። እንድሸሽግ የታዘዝኩት ነውርን ነው። ለመሆኑ ሽበት ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው? ጥያቄው ለእርሷ አልነበረም። በሻሼ ሥር ያለው የራሴ ፀጉርም በዚያው ሳምንት ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ነበርና።

መቀባት የጀመርኩት በ36 ዓመቴ ነው። በአንድ ኒካህ ላይ አንዲት እንግዳ የባለቤቴ ታላቅ እህት መስያት እንደዚያ ብላ ሰላም አለችኝ። ሳቅሁ፤ በማግስቱ ግን ቀለም ገዛሁ። ከዚያ በኋላ 11 ዓመት ሙሉ በየሦስት ሳምንቱ ተቀባሁ። የራስ ቅሌን ሲያሳክከኝም ቻልኩት።

እስቲ ልብ በሉልኝ። ከቤት ስወጣ ፀጉሬን ሻሽ ይሸፍነዋል፤ ባዕድ አያየውም። ታዲያ ከማን ነበር የምደብቀው? ከባለቤቴ እንዳልል ዕድሜዬን ያውቃል። ከልጆቼ እንዳልል የማሳደጋቸው ድካም ነው ያሸበተኝ። ከአላህ (ሱ.ወ) የሚደበቅ ነገር የለም። የቀረ አንድ ሰው ነበር፤ እርሱም በመስተዋት ውስጥ የማየው ነው። አስታዋሹን ዝም ያሰኘሁት ራሴ እንዳላስታውስ ነበር።

ውድ አንባቢያን! ስለዚህ ጉዳይ ዲናችን ምን ይላል? በመጀመሪያ ግራ እንዳንጋባ፣ ሽበትን ማቅለም በራሱ የተከለከለ አይደለም። እንዲያውም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አይሁዶችና ክርስቲያኖች ሽበታቸውን ስለማያቀልሙ ሙስሊሞች ከእነርሱ እንዲለዩ ማዘዛቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። አቡበክር (ረ.ዐ) በሂናና በከተም፣ ዑመር (ረ.ዐ) በሂና ብቻ ያቀልሙ ነበር። በሌላ በኩል ሽበታቸውን እንዳለ የተዉ ሶሐቦችም ነበሩ፤ አንዱ ሌላውን አላወገዘም።

ክርክሩ ያለው ጥቁር ቀለም ላይ ነው። መካ በተከፈተችበት በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ የአቡበክር አባት አቡ ቁሓፋ ፀጉራቸው እንደ ነጭ አበባ ሆኖ በቀረቡ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀለሙን እንዲለውጡላቸው፣ ጥቁርን ግን እንዲያርቁ ማዘዛቸውን ሙስሊም ዘግበዋል። ከዚህ በመነሳት ኢማም ነወዊን የመሰሉ ዑለማዎች ጥቁርን ሐራም ሲሉ፣ ሌሎች የተጠላ ነው ብለዋል፤ የፈቀዱም አሉ። ሰውን ለማታለል፣ ለምሳሌ ለጋብቻ የጠየቀ ሰው ዕድሜን እንዳያውቅ ለመደበቅ ከሆነ ግን ማጭበርበር ነው፤ ማጭበርበር ደግሞ የተከለከለ ነው።

እንግዲህ ዲናችን የለየው የተቀባውንና ያልተቀባውን ሳይሆን ማስዋብንና መሸሸግን ነው። ሂና የተቀባ ነጭ ፀጉር ቀይ ይሆናል፤ ያየው ሁሉ ከሥሩ ሽበት እንዳለ ያውቃል። ውበት ነው፤ ውሸት የለበትም። ጥቁሩ ግን ያልሆነውን ሆኖ ለመታየት ነው።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው የዘከሪያ (ዐ.ሰ) ታሪክ ነው። በሱረቱ መርየም መጀመሪያ ላይ እንደምናነበው፣ ልጅ ሲለምኑ አጥንታቸው መድከሙንና ራሳቸው በሽበት መንደዱን ለጌታቸው አቀረቡ። እኛ የምንሸሽገውን እርሳቸው የዱዓ መግቢያ አደረጉት። በሱረቱ ፋጢር 37ኛ አንቀጽ የተጠቀሰውን «አስጠንቃቂ» ሲተረጉሙም ከሙፈሲሮች ከፊሎቹ ሽበት ነው ብለዋል። ሽበት መልእክተኛ ከሆነ፣ ፊቱን ቀብቶ መመለስ መልእክቱን አያስቀረውም።

ለባለቤቴ ሳማክረው ጢሙን እየነካ «እኔን ሽበቱ ግርማ ሰጠህ ይሉኛል፤ አንቺን ለምን አረጀሽ እንደሚሉ አይገባኝም» አለኝ። እውነቱን ነው። ለወንድ ክብር የሆነው ለሴት ቸልተኝነት የሚሆንበትን ሚዛን ያመጣነው እኛው ነን። እርግጥ ለባል መዋብ መልካም ሥራ ነው፤ ስለዚህ ያለ እርሱ ፈቃድ አልተውኩም። ከልቡ እንደወደደው ካረጋገጥኩ በኋላ ነው የተውኩት።

መተዉም ቀላል አልነበረም። ዓመት ከመንፈቅ ያህል ፀጉሬ ሁለት መልክ ነበረው። ጫፉን በየጊዜው ቆረጥኩ፤ ነጩ እስኪበረክት ድረስ ንጹሕ ሂና ተጠቀምኩ። (በገበያ «ጥቁር ሂና» የሚባለው ግን ብዙ ጊዜ በጥቁር ቀለሞች ውስጥ ያለው ፓራ-ፌኒሊንዳያሚን የተባለ ኬሚካል ይጨመርበታል፤ ቆዳን ሊያቃጥል ይችላልና ተጠንቀቁ።) ሴቶች በተሰበሰብንበት ሻሼን ሳወልቅ «አሞሽ ነበር እንዴ?» የምትለኝ አልጠፋችም። ከሁሉ የከበደኝ ግን ትንሿ ልጄ ናት። አንድ ቀን ፀጉሬን እያየች «እማዬ፣ ልትሞቺ ነው?» አለችኝ። ደነገጥሁ። ቀለሙ ለካ ከእርሷም የደበቀው ነገር ነበር። አቅፌ «ሁላችንም ወደ አላህ ነን ልጄ፤ እስከዚያው ግን አብረን ነን» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ፀጉሬን የምታበጥርልኝ እርሷ ናት።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልጨምር። ሽበቴን ገልጬ ቀለም የምትቀባ እህቴን ብንቅ፣ ከፀጉሬ ያነሳሁትን ጥቁር ወደ ልቤ አወረድኩት ማለት ነው። ለሙስሊም ብርሃን ይሆንለታል የተባለውም በእስልምና ላይ ሆኖ ያሸበተ ፀጉር ነው። በሐሜትና በሶላት ቸልተኝነት የነጣ ፀጉር ነጭ መሆኑ ብቻ ምን ይጠቅመዋል?

ዛሬ ለውዱእ ራሴን ሳብስ ጣቶቼ ነጩን ይነካሉ፤ የዚያች ጎረቤቴ ሦስት ጉንጉኖችም ትዝ ይሉኛል። የሸሸግሁላት ነውር አልነበራትም። አላህ ይዘንላት፤ ለእኛም የቀረውን ዕድሜ የጸጸትና የመልካም ሥራ ያድርግልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።